አጥር ጥሰው የገቡት ሽማግሌዎቼ

ውድ አንባብያን፣ ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እዚህ ታሪክ ውስጥ የሚሞት ሰው የለም። ይህን ከወዲሁ የምናገረው ባለቤቴ «ሰውን በከንቱ አታስጨንቅ» ስላለችኝ ነው። የተጎዳ ግን አለ፤ አንድ አጥር፣ አንድ የገብስ ጭድ ክምርና የእኔ ስም። አጥሩ በዕለቱ ታጥሯል፣ ጭዱም ተመልሶ ተከምሯል። ስሜን ግን እነሆ እስከ ዛሬ እየጠገንኩት ነው።

ይመር እባላለሁ። ከመካነ ሰላም አቀስታ የምመላለስ የሚኒባስ ሾፌር ነኝ። ያኔ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ከወሎ ቦረና እስከ ለጋምቦ ከእኔ የበለጠ ብልጥ የለም ብዬ የማምንበት ዕድሜ። ሚኒባሷን የገዛችልኝ ታላቅ እህቴ እታገኝ ናት። እሷ ኩዌት የሰው ልጅ እያሳደገች፣ የሰው ወለል እየወለወለች ላከችልኝ፤ እኔ እዚህ መነጽሬን ሰክቼ ነዳሁ። የእኔ ድካም መነጽሩን መምረጥ ነበር።

እንግዲህ ፋንታዬ የምትባል መምህርት ነበረች። መካነ ሰላም ታስተምራለች፤ ወላጆቿ አቀስታ ሳይደርሱ፣ ከትልቁ ቁልቁለት ሥር፣ መንገድ ዳር ነው የሚኖሩት። ዓርብ ዓርብ ከሥራ ስትወጣ በእኔ መኪና ወደ ቤተሰቦቿ ትሄዳለች። ዓርብ ዓርብ ደግሞ ጋቢናዬ «ተይዟል»። ሹም ቢመጣ ተይዟል፣ ዘመድ ቢመጣ ተይዟል። አንድ ዓመት ሙሉ ጋቢና አስቀምጬ፣ መንገዱን ትቼ እሷን እያየሁ ከነዳሁ በኋላ፣ አንድ ቀን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ «አይበቃህም? ሽማግሌ ላክ እንጂ» አለችኝ። መሪውን ልለቀው ነበር።

«አባትሽ እሺ ይሉኛል?»

«እኔ እንጃ። አባዬ ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና የነዳ ሰው ነው። መኪና ያውቃል፤ መኪናህን ማየቱ አይቀርም።»

እናንተ ብትሆኑ ይህን ስትሰሙ ምን ታደርጋላችሁ? መኪናችሁን ታስመረምራላችሁ። እኔ ብልጡ ግን «ያያል» ያለችውን ይዤ መኪናዬን ላስጌጥ ሄድኩ። ወንበሮቹን በቀይ ከፋይ አለበስኩ። መስኮቶቹ ላይ ዘርፍ ያለው መጋረጃ ሰቀልኩ። ዳሽቦርዱ ላይ የፕላስቲክ አበባ ተከልኩ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ክላክስ አስቀየርኩ፤ ሲነካ የሠርግ ዜማ የሚያዜም፣ ሰፈር ሙሉ አንገቱን የሚያስመዝዝ ክላክስ። ሱስ ሆነብኝ፤ ያለ ምክንያት ሁሉ እነካው ነበር።

በዚሁ መሃል ካሳ መካኒኩ መኪናዋ ሥር ገብቶ ወጣና እጁን በጨርቅ እየጠረገ «የፍሬን ሸራህ አልቋል፤ ብረት ከብረት ሊገናኝ ነው» አለኝ። ለእታገኝ ነገርኳት። እሷም «ኦሪጂናሉን ግዛ፣ እንዳታጭበረብር» ብላ ለዚሁ ገንዘብ ላከችልኝ። እኔ ግን አብዛኛውን ለከፋይና ለመጋረጃ አዋልኩት። የተረፈችውን ይዤ ደሴ ወረድኩ። ባለሱቁ ሁለት ካርቶን አወጣ። ሁለቱም ያበራሉ፤ እንዲያውም ርካሹ ይበልጥ ያበራል።

«ልዩነታቸው ምንድን ነው?» አልኩት።

«ይሄ ኦሪጂናል ነው። ያኛው ደግሞ እንደ ኦሪጂናል ነው።»

«እንደ»ን ገዝቼ፣ ዓለምን ያታለልኩ መስሎኝ እያፏጨሁ ተመለስኩ። ካሳ ሸራውን ተቀብሎ አገላበጠው፣ በጥፍሩ ጫር ጫር አደረገው፣ ጣቱ ላይ የቀረውን ብናኝ ለእኔ አሳየኝ።

«ይመር፣ በእናትህ ይሄንን ሰው ልትጭንበት ነው?»

«እሰረው አቦ፤ ሽማግሌ እስክልክ ነው፤ ከዚያ እቀይረዋለሁ።»

«በእኔ እጅ አይታሰርም። ውሰድልኝ» ብሎ ካርቶኑን ደረቴ ላይ ለጠፈው።

ወሰድኩት። ረቡዕ ጠዋት ከቤታችን ጓሮ ራሴ አሰርኩት። ሳስር የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ፍሬን እኮ አይታይም። ማን ጎንበስ ብሎ ጎማ ውስጥ ያያል? ከፋይ ግን ከሩቅ ይታያል። ረቡዕ ከሰዓት ፍሬን ስይዝ ሲጥ ሲጥ ማለት ጀመረ፤ ሬዲዮ ከፈትኩ። ሐሙስ ድምፁ ጨመረ፤ ሬዲዮውን ጨመርኩ። ዓርብና ቅዳሜም እንደዚያው እየጫንኩ ዋልኩ።

እሁድ ደረሰ። እኛ አገር ሽማግሌ የሚላከው በማለዳ ነው። ሽማግሌዎቹ የልጅቷ አባት ደጅ ይቆማሉ። ግቡ ቢባሉ አይገቡም፤ ተቀመጡ ቢባሉ አይቀመጡም፤ ጉዳያቸው ሳይሰማ ውሃ አይቀምሱም። አግቢው ደግሞ በዚያ ቀን እዚያ ሰፈር ዝር አይልም፤ ነውር ነው። ቤቱ ቁጭ ብሎ ጥፍሩን ይበላል። እኔ ግን ሽማግሌዎቼን በሌላ ሰው መኪና ብልክ ያ ሁሉ ከፋይ ማን ሊያየው ነው? ስለዚህ መላ ዘየድኩ። ኮፍያዬን እስከ ቅንድቤ አጠልቃለሁ፤ ደጁ ላይ አወርዳቸዋለሁ፤ ክላክሱን አንዴ አዚሜ እፈተለካለሁ። አባትየው መኪናዋን ያያሉ፣ እኔን አያዩም።

ሽማግሌዎቼ ሦስት ነበሩ። አንደኛው አጎቴ ጋሽ በላይ ናቸው፤ ከበሬያቸው በቀር ለማንም ቀስ ብለው የማይናገሩ ገበሬ። ሁለተኛው ጡረታ የወጡት መምህር ተሾመ፤ ንግግሩ የእሳቸው ነው፣ ሳምንቱን ሙሉ ሲያጠኑት ከርመዋል። ሦስተኛው ጎረቤታችን ሼህ ሁሴን፤ በሰፈራችን እስላም ይጣላ ክርስቲያን ያለ እሳቸው እርቅ አይወርድም። ሦስቱም ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ከፋዩን በእጃቸው ዳበስ ዳበስ እያደረጉ ገቡ። «ወላሂ፣ ቤተ መንግሥት ነው እንጂ መኪናም አይደል» አሉ ጋሽ በላይ። ደረቴ ተነፋ።

የጥር ጠዋት ነው፤ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ትልቁ ቁልቁለት አናት ላይ ስንደርስ ከታች የእነፋንታዬ መንደር ቁልጭ ብሎ ይታያል። መውረድ ጀመርን። መንገዱ ጠጠር ነው፤ ይጠመዘዛል፣ ይጠመዘዛል፣ አያልቅም። መምህር ተሾመ ዓይናቸውን ጨፍነው «የተከበሩ አቶ ደምሴ፣ አመጣጣችን ለበጎ ነው…» እያሉ ይለማመዳሉ። እኔ በየኩርባው ፍሬን እይዛለሁ።

«ይመር» አሉ ሼህ ሁሴን ከኋላዬ።

«አቤት ሼህ።»

«የሚቃጠል ነገር ይሸተኛል።»

«ከሰል የሚያከስል ገበሬ ይሆናል።»

«የምን ከሰል?» አሉ ጋሽ በላይ። «እዚህ ራስ ላይ የቱን ዛፍ አይተህ ነው? እረኛ እንኳ የሚጠለልበት የለም!»

«እንግዲህ ኩበት ነው ጋሼ።»

ቀጣዩ ኩርባ ላይ እግሬን ጫንኩ። ፔዳሉ እንደ ወትሮው መሃል ላይ አልጠበቀኝም፤ ወለሉ ድረስ ወረደ። አነሳሁና ደግሜ ረገጥኩ። ከኋላ ጎማዎቹ «ገጭ» የሚል ድምፅ መጣ፤ ቀጥሎ የብረት ፉጨት፤ ቀጥሎ ምንም። ማርሽ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ጎተትኩ፤ ሞተሩ ጩኸቱን አቀለጠው፤ ጥቂት ያዘኝና መልሶ ለቀቀኝ። የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ። እሱም የሚይዘው ያንኑ ሸራ ነው። ጀርባዬ በዚያ ብርድ ላብ በላብ ሆነ።

«ምነው ፈጠንክሳ?» አሉ ጋሽ በላይ።

«ሰዓት እንዳያልፍብን ብዬ…»

«ሽማግሌ እንጂ ሬሳ አልጫንክም፤ ቀስ በል!»

ሼህ ሁሴን ወደ ፊት ጎንበስ ብለው በጆሮዬ፣ ፍጹም በረጋ ድምፅ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ፍሬን አለህ ወይስ የለህም? እሱን ብቻ ንገረኝ። እንደ መልስህ ዱዓዬን ላሳጥረው።»

«የለኝም።»

በዚያ ሳምንት ከአፌ የወጣ የመጀመሪያው እውነት ይሄ ነው። መምህር ተሾመ «…ልጃችን ይመር ታታሪና…» ላይ ደርሰው ነበር፤ እዚያው ቀጥ አሉ። ሼህ ሁሴን ዱዓቸውን ጀመሩ። ጋሽ በላይ ማርያምን ጠርተው፣ አልበቃ ሲላቸው ሼህ ሁሴንን ተከትለው «አሚን! አሚን!» ማለት ያዙ።

የመጨረሻው ኩርባ ከታች መጣ። ከኩርባው ባሻገር የመንደሩ ቦኖ አለ። እሁድ ጠዋት ነውና ሴቶች ጀሪካናቸውን ይዘው መንገዱን ሞልተውት ተሰልፈዋል። ከቦኖው ትይዩ የፋንታዬ አባት የአቶ ደምሴ ግቢ ነው። እንዲሸሹ ብዬ ክላክሱን ተጫንኩት፣ አለቅኩትም።

ክላክሱ ግን የሠርግ ዜማውን ማዜም ጀመረ።

ሴቶቹ ዞር አሉ። መጋረጃ ያለው፣ አበባ የተተከለበት መኪና እያዜመ ሲመጣባቸው አዩ። ምን ያድርጉ? ጥር ነው፣ ሠርግ መጣ አሉ። ጀሪካናቸውን አስቀምጠው እልልታቸውን ለቀቁት! መሸሹስ ይቅር፣ አንዳንዶቹ ሙሽራዋን ለማየት ወደ መንገዱ መሃል ቀረቡ። አንዲት አሮጊት እጃቸውን እያወዛወዙ ሲጨፍሩ እስካሁን ይታየኛል። እኔ በመስኮት አንገቴን አውጥቼ «ዞር በሉ! ፍሬን የለኝም!» እያልኩ እጮኻለሁ፤ እነሱ እልል ይላሉ። አንባብያን፣ በሕይወቴ እንደዚያች ቅጽበት ፈርቼ አላውቅም። እልልታ ሲያስፈራ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

መሪውን በሙሉ ክንዴ ወደ ግራ ጠመዘዝኩት። የባሕር ዛፍ አጥር «ቿ!» አለ። አንድ ዶሮ በመስታወቱ ፊት በረረች። ከዚያ ዓለሙ ሁሉ ቢጫ ሆነ። የአቶ ደምሴ የገብስ ጭድ ክምር ውስጥ እስከ መጨረሻው ወንበር ድረስ ገብተን ቆምን። ክላክሱ ተይዞ ቀርቶ ጭዱ ውስጥ ሆኖ ያዜማል። ሽቦውን ስቤ በጠስኩት።

«ሁላችንም አለን?» አሉ መምህር ተሾመ።

«እኔ እንጃ ወላሂ» አሉ ጋሽ በላይ።

«አልሐምዱሊላህ፣ አለን» አሉ ሼህ ሁሴን። «አሁን የመጣንበትን እንፈጽም።»

መምህር ተሾመ ከጋቢያቸው ላይ ጭድ እያራገፉ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ግን ንቅንቅ እንዳትል! አግቢ ከሽማግሌ ጋር አይመጣም። ጭራሽ ውርደት ላይ ውርደት!» እኔም ተጣጥፌ መሪው ሥር ገባሁ። ሦስቱ ሽማግሌዎች በኋላ በር እየተጋገዙ፣ ጭዱን እየቀዘፉ ወጡ። ከዚያ በኋላ ያለውን በጆሮዬ ነው የተከታተልኩት።

አቶ ደምሴ ዱላ ይዘው ሲሮጡ መጡ። «ምንድን ነው እሱ! ሰው አለ? የተጎዳ አለ?»

«እንደምን አደሩ አቶ ደምሴ» አሉ መምህር ተሾመ።

የአቶ ደምሴ እርምጃ ቆመ። የሦስቱን ነጭ ልብስና የእጃቸውን ከዘራ ሲያዩ ነገሩ የገባቸው መሰለኝ።

«ሽማግሌ ናችሁ እንዴ?»

«እንዴታ። አመጣጣችን ለበጎ ነው።»

«ሽማግሌ ደጅ ቆሞ አይደለም እንዴ የሚለምነው?»

«ደጅ ልንቆም አስበን ነበር» አሉ ሼህ ሁሴን። «መኪናው አልቆመም።»

አቶ ደምሴ ሽማግሌዎቹ ደህና መሆናቸውን አይተው ሲያበቁ «በሉ ተቀመጡ፤ ውሃ ይምጣላችሁ» አሏቸው። ልብ በሉ፣ ጸጉራቸው ውስጥ ጭድ ተሰክቷል፤ ሦስቱም በአንድ ድምፅ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም!» አሉ። መሪው ሥር ሆኜ በዚያ ጭንቅ ሳቄ መጣ።

«እሺ፤ ጉዳያችሁን ተናገሩ።»

መምህር ተሾመ ንግግራቸውን ከመጀመሪያው ጀመሩ። የእኔ ስም ላይ ሲደርሱ አቶ ደምሴ አቋረጧቸው። «ለመሆኑ ልጁ ምን ዓይነት ሰው ነው?»

«ታታሪ ነው» አሉ መምህር።

«ሌላስ?»

«ቁጥብ ነው። ገንዘብ አያባክንም።»

አቶ ደምሴ አየሩን ሳብ ሲያደርጉት ተሰማኝ። «እሱማ ይሸታል» አሉ።

እርምጃቸው ወደ መኪናዋ መጣ። ኋላ ጎማው ጋ ቆመ። ብዙ ቆየ። ከዚያ «ሾፌሩ የት አለ?» አሉ። ሼህ ሁሴን ጉሮሯቸውን ጠረጉ፦ «እኔ ለሽምግልና መጥቼ አልዋሽም። መሪው ሥር ነው።»

ወጣሁ። ኮፍያዬ ጠፍቷል፣ አፌ ውስጥ ጭድ አለ።

«አንተ ማነህ?»

«ሾፌሩ ነኝ።»

«ሌላስ?»

«አግቢውም… እኔው ነኝ።»

ከቤቱ በር ላይ የቆሙት የፋንታዬ እናት በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ፤ ሲስቁ ነው ሲያለቅሱ አላወቅኩም። አቶ ደምሴ ግን ፊታቸው አልተፈታም። «ክሪክ አለህ?» አሉኝ። «አለኝ» ስል «እሱስ ኦሪጂናል ነው?» አሉና በገዛ እጃቸው ጎማውን ፈቱ። የፍሬኑን ከበሮ ሲስቡት ሸራው ከብረቱ ተላቆ እላያቸው ላይ ረገፈ። አንዱን ስባሪ አንስተው በሁለት ጣታቸው ተጫኑት። እንደ ደረቅ ቂጣ ተፈረካከሰ።

«መቼ ነው ያሰርከው?»

«ረቡዕ።»

«ከረቡዕ እስከ ዛሬ መኪናዋ ቆማ ነበር?»

«ሠርታለች።»

«ማንን ጭነህ?»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የጫንኳቸው ሰዎች «ሙሉ» እና «ጎደሎ» ነበሩ እንጂ ሰው ሆነው ታይተውኝ አያውቁም። አሁን አንድ በአንድ መጡብኝ። ልጇን ሐኪም ቤት ልታደርስ ያዘለችው እናት፣ በግ አቅፈው የገቡት ሽማግሌ፣ ፈተና ደርሶባቸው የሚጣደፉት ተማሪዎች።

«ዓርብስ?» አሉ አቶ ደምሴ።

«ዓርብ እኔን» አለች ፋንታዬ።

ከጓዳ መቼ እንደወጣች አላየኋትም። «ጋቢና ነበርኩ አባዬ። ሲጥ ሲጥ ሲል ምንድን ነው ብዬው ነበር።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ምን አልከኝ ይመር?»

«አዲስ ስለሆነ ነው፣ ይለምዳል አልኩሽ።»

«ከዚያስ?»

«ሬዲዮውን ከፍ አደረግኩት።»

አልጮኸችም፣ አልሰደበችኝም። ተመልሳ ገባች። ብትሰድበኝ በቀለለኝ ነበር። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

አቶ ደምሴ እጃቸው ላይ የቀረውን ብናኝ አራግፈው ለሽማግሌዎቹ እንዲህ አሉ፦ «አክብራችሁ መጥታችኋልና አላሳፍራችሁም። እምቢም እሺም አላልኩም። ይህ ልጅ በገበያ ቀን መካነ ሰላም መናኸሪያ ይቁም። ከረቡዕ ጀምሮ የጫናቸውን ሰዎች ያደረገውን ይንገራቸውና አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ ይበል። ያን ካደረገ ተመለሱ። ካላደረገ መንገዱን አታድክሙት።»

«አቶ ደምሴ፣ ንግግሬ እኮ አላለቀም» አሉ መምህር ተሾመ።

«ሲመለሱ ይጨርሱታል።»

ሽማግሌዎቼ ሳይቀመጡ፣ ውሃ ሳይቀምሱ፣ በሌላ ሰው አውቶቡስ ተመለሱ። እኔ እዚያው ቀርቼ ጭዱን ስከምር፣ አጥሩን ሳጥር ዋልኩ። የቦኖው ሴቶች እያለፉ «ሙሽራው፣ ሥራ በርታ!» ይሉኛል። ከሰዓት ላይ ለእታገኝ ደወልኩና ሁሉንም ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ «እኔ እዚህ የሰው ልጅ ከደረጃ እንዳይወድቅ ስጠብቅ ነው የምውለው። አንተ እዚያ የሰው ልጅ ገደል አፋፍ ታመላልሳለህ?» ብላ ዘጋችው። ከፋዩን ገፍፌ፣ መጋረጃና ክላክሱን ጨምሬ ለአንድ የሠርግ መኪና ባለቤት ሸጥኩ። ኦሪጂናሉን ሸራ አመጣሁ። ያሰሩት አቶ ደምሴ ራሳቸው ናቸው፤ እኔ መፍቻ አቀባይ ሆንኩ። ቀኑን ሙሉ አብረን ሠርተን ያናገሩኝ «አሥራ አራቱን ስጠኝ» ብቻ ነው።

የገበያው ቀን ደረሰ። መናኸሪያው በሰው ጢም ብሏል። የማውቀው ሾፌር ሁሉ ሰምቶ ኖሮ ወሬውን ሊያይ ተሰብስቧል። ድንጋይ ላይ ወጣሁ። ብዙ ቀልድ የማውቅ ሰው ነኝ፤ ያን ቀን አንድም አልመጣልኝም። «ከረቡዕ እስከ እሁድ የጫንኳችሁ ሰዎች፣ የማይይዝ ፍሬን አስሬ ነው የጫንኳችሁ። አውቄ ነው። አውፍ በሉኝ» አልኩ። መጀመሪያ ሳቅ ሆነ። በግ የያዙት ሽማግሌ «በጉም አውፍ ይበልህ» አሉኝና ሰው ሁሉ ፈነዳ። እኔም ልስቅ ነበር።

ከዚያ ልጇን ያዘለችው እናት ፊት ለፊቴ መጣች።

«ሐሙስ ሐኪም ቤት በር ድረስ አድርሰኸኝ ነበር» አለች።

«አዎ እህቴ።»

«ስወርድ መርቄሃለሁ። ልጅ ውለድ፣ ልጅህን ክፉ አይንካው ብዬ። ታስታውሳለህ?»

«አስታውሳለሁ።»

«አውፍ ብዬሃለሁ። ምርቃቴን ግን ወስጃለሁ።»

ልጇን አስተካክላ አዝላ ሄደች። ሳቁ ሁሉ ቆመ። አንባብያን፣ የወሎ ሰው ምርቃት ሲሰጥ እንጂ ሲወስድ አይቼ አላውቅም። ከዚያ ድንጋይ ላይ እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም።

ሽማግሌዎቹ በሁለተኛው እሁድ ተመለሱ፤ በአውቶቡስ። ደጅ ቆሙ። መምህር ተሾመ ንግግራቸውን እስከ መጨረሻው ተናገሩ፤ ጋሽ በላይ እንደነገሩኝ ከሆነ አጥሩን ከመጣስ ይልቅ ንግግሩን መስማት ይከብድ ነበር። አቶ ደምሴ እሺ አሉ። ፋንታዬም እሺ አለች፤ ግን አንድ ነገር ጨመረች፦ «አገባዋለሁ። መኪናው ውስጥ ግን አልገባም።»

በሠርጋችን ቀን ሙሽራዋ በተሸለመ በቅሎ ከፊት ሄደች። እኔ ሱፌን ለብሼ ባዶ ሚኒባስ እየነዳሁ ከኋላዋ። ወደ መስኮቴ ቀርባ ከበቅሎው ላይ ቁልቁል እያየችኝ «የት ነው? አቀስታ ነው?» ትለኛለች፤ አጀቡ ይንከተከታል። «ግቢ፣ ወንበር አለ» እላታለሁ፤ «ሞልቷል» ትለኛለች። ከሚዜዎቼ አንድም ደፍሮ የገባ የለም። መንደሩን ሳንወጣ ግን አቶ ደምሴ አጀቡን አቋርጠው መጡና የጋቢናውን በር ከፍተው ገቡ። «ምን ታየኛለህ? ንዳ» አሉኝ። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ አልደብቃችሁም።

እንግዲህ ይህን የምታነቡ ሾፌሮች፣ ባለንብረቶች፣ መኪና የምትገዙልን እህቶቻችን፦ እኔ ከብልጥነቴ የተረፈኝ ነገር ቢኖር ይሄ ነው። ርካሹ ሸራ ሲታሰር ይይዛል፤ ሜዳ ላይ ይይዛል፤ አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አራት ቀን ይይዛል። የሚያታልለው ለዚህ ነው። «እንደ ኦሪጂናል» ሲሏችሁ ቁልቁለታችሁን አስቡ፤ ጋቢና ማን እንደሚቀመጥ አስቡ። መካኒኩ በእኔ እጅ አይታሰርም ሲላችሁ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ ካርቶኑን ይዛችሁ ጓሮ አትግቡ። ተሳፋሪዎችም ብትሆኑ፣ ድምፅ ስትሰሙ ጠይቁ፤ ሾፌሩ ሬዲዮ ከፍ ካደረገ ውረዱ።

ፋንታዬ መኪናው ውስጥ ለመግባት ስድስት ወር ፈጀባት። ዛሬ ዓርብ ዓርብ ጋቢና ትቀመጣለች፤ ትስቃለች፣ ትቀልድብኛለች፣ እንደ ድሮው ወሬ እናወራለን። ትልቁ ቁልቁለት አናት ላይ ስንደርስ ግን ወሬዋን ሳታቋርጥ እጇ ቀስ ብሎ ይሄድና የበሩን እጀታ ይይዛል። የምታደርገውን የምታውቅም አይመስለኝም። እኔም ያላየሁ መስዬ፣ ማርሽ ቀንሼ፣ ቁልቁለቱ እስኪያልቅ በእግር በሚሄድ ሰው ፍጥነት እወርዳለሁ።